ከጆሮሽ ኋላ ያለው ምልክት

ቪሴንቴ ኖብሌ፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ለልጅነት ጓደኛዬ፣ ለአበልጄ፤

የማድሪድ ብርድ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? የምትጦሪያቸው አሮጊትስ አሁንም «ሾርባው ጨው በዛበት» እያሉ ይነጫነጫሉ ወይስ ለመዱሽ? ጨው አብዢ ነሽ፣ እውነታቸውን ነው። የላክሽው ሳጥን ደርሶናል፤ ጫማው ለልጅሽ ለያኒሪስ ልክ ሆኗል፣ ለኔ የላክሽው ካፖርት ግን በዚህ ሙቀት ለማን ብዬ ልልበሰው? በር ላይ ሰቅዬ አየዋለሁ። የእናትሽን መቃብር ለሙታን ቀን ኖራ አስቀብቼዋለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አበባም አስቀምጫለሁ። ነፋሱ የሙዙን እርሻ ግማሹን አንጋሎታል፤ ሰው ግን አልተጎዳም።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ደህና ነኝ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ እኔ ደግሞ ፀጉር ቤቱን ዘግቼ ነው የምጽፍልሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቅዳሜ ዘግቼ እንደማላውቅ አንቺ ታውቂያለሽ። እናቴ የሞተች ቅዳሜ እንኳ ለቅሶ የሚደርሱትን ሴቶች ቢጎዲን ስጠቀልል ነው የዋልኩት። እንግዲህ ነገሩን ከዚህ ገምቺ።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ የፋርማሲው ልጅ ኢርሚና ናት። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቴም ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። ፊትሽን እያየሁ አይወጣልኝም። ከደብዳቤው ጋር አንድ ትንሽ ጥቅል አለ፤ አንብበሽ ሳትጨርሺ እንዳትፈቺው፣ በልጅሽ ይዤሻለሁ።

ያኒሪስ በስልክ ስታወራሽ ፊቷን ለምን እንደማታሳይሽ ስትጠይቂኝ ካሜራው ተበላሽቷል ብዬሽ ነበር። ካሜራው ደህና ነው።

ነገሩ የጀመረው አምና በፋሲካ ሰሞን ነው። የሪላክሰሯ፣ የፀጉር ማለስለሻው፣ ተራ ደርሶ «ነይ ተቀመጪ» ብላት፣ «አልቀባም እትዬ» አለችኝ። አንቺ ስድስት ዓመቷ ላይ ጥለሽልኝ ከሄድሽ ጀምሮ በየሁለት ወሩ፣ ሥሩ ከርደድ ማለት ሲጀምር እቀባታለሁ፤ አንድም ጊዜ አዛንፌ አላውቅም። «አሞሻል እንዴ?» አልኳት። «የራሴን ፀጉር ማየት እፈልጋለሁ፤ አይቼው አላውቅም» አለች። ሳቅኩባት። የፀጉር ቤት ልጅ ከርዳዳ ተሸክማ ስትዞር፣ የዳቦ ቤት ልጅ በረሃብ ሞተ እንደማለት ነው ብዬ አሾፍኩባት።

ስምንት ወር አሳደገችው። ጫፉ ሉጫ፣ ሥሩ ጥምዝምዝ፣ ሁለት ሰው በአንድ ራስ። እሬት ታሻለች፣ አቮካዶ ትቀባለች፣ ኩሽናዬን ሰላጣ ቤት አደረገችው። ደንበኞቼም አልተዋትም። አንድ ቀን ደንበኛዬ ዶኛ ፍራንሲያ ፀጉራቸውን ሊያደርቁ ካስክ ውስጥ እንደተቀመጡ፣ «ልጄ፣ ይሄ ራስ ነው ወይስ የወፍ ጎጆ?» አሏት። ያንቺ ልጅ መች አፍ ያጥራታል! «የወፍ ጎጆ ነው ዶኛ ፍራንሲያ፤ ወፎቹ እርስዎ ላይ ቢያርፉማ ያንሸራትታቸዋል» አለቻቸው። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ እየሳቅኩ ግን አፍሬባት ነበር። ትምህርት ቤቱም «ፀጉርሽን አስተካክለሽ ነይ» ብሎ ሁለቴ መልሷታል፤ ሁለቴም በጨርቅ ጠፍራ ተመልሳ ገባች።

ምክንያቷን የነገረችኝ አንድ እሁድ ልብስ ስናጥብ ነው። ከእናትሽ ሳጥን ያገኘችውን ፎቶ ከቀሚሷ ኪስ አወጣች። ታስታውሽው እንደሆነ፣ ሰባት ዓመትሽ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመሻል፣ ቀሚስሽ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል፣ ጎፈሬሽ ክብ ብሎ ከፎቶው ሊወጣ ደርሷል። «እናቴ ስታየኝ ራሷን እንድታይ ነው የምፈልገው» አለችኝ። «ዘጠኝ ዓመት በአካል ስላላየችኝ፣ እሷ ጋ ስሄድ አውሮፕላን ጣቢያው ላይ ሌላ ልጅ መስያት እንዳታልፈኝ።»

አበልጄ፣ አልዋሽሽም፣ ይሄ ነገር ሆዴ ገብቶ ቀረ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ገበያ ይዣት ስወጣ ሴቶቹ «ቁርጥ አንቺን» ይሉኛል። አንድም ቀን «የኔ አይደለችም» ብዬ አርሜያቸው አላውቅም። ያን እሁድም አንሶላውን መጭመቄን ቀጠልኩ።

ከዚያ አንቺ ደወልሽ። ወደኔ የምትመጣበት ወረቀቷ አለቀ፣ ሐሙስ ዋና ከተማ ኤምባሲ ቀጠሮ አላት፣ ጉርድ ፎቶ ትነሣ አልሽ። «አደራሽን ፀጉሯን አለስልሺልኝ፤ ከርዳዳ ሆና ሰው ፊት እንዳትቀርብ፣ ኋላ ሰበብ ያደርጉብናል» አልሽኝ። ጥፋቴን ወዳንቺ ልገፋ አይደለም፤ ግን ያልሽውን ብለሻል። እሷም አጠገቤ ቆማ ሰማችሽ። ትከራከራለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እናቴ ካለች ይሁን» ብላ ፎጣውን ራሷ ትከሻዋ ላይ ጣለችና ተቀመጠች።

ቀጥሎ ያለውን ለቄሱ እንኳ አልተናገርኩትም። ሪላክሰር ልትቀባ የመጣችን ሴት ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቃትን ታውቂያለሽ፤ «ታጥበሻል? ራስሽን አክከሻል?» ነው። የታጠበ ራስ የሚከላከልለት ወዝ የለውም፣ የታከከ ራስ ቆዳው ክፍት ነው፤ መድኃኒቱ ሥጋ ይበላል። ታጥባ የመጣችውን የከንቲባ ሚስት ብትሆን «ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሺ» ብዬ እሸኛታለሁ። ያኒሪስን ግን አልጠየቅኳትም። ረስቼ አይደለም። ፀጉሯን ስከፍለው ሳሙናው ሸተተኝ። ያን ጠዋት አጥባዋለች፤ ሥሩ ጣቶቼ መሀል ገና እርጥብ ነበር። ብጠይቃት «አዎ» ትለኛለች፣ «አዎ» ካለች ደግሞ መተው አለብኝ፣ ፎቶው ነገ ነው። አፌን ዘግቼ ቀባኋት። ቫዝሊኑን እንኳ በግንባሯ ዳር ሳሳ አድርጌ ነው ያስኬድኩት። ለፎቶው ብዬ ነው። ለፎቶው ብቻ ነው ብዬ ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት።

«ያቃጥላል እትዬ» አለችኝ። ለሁሉም የምለውን አልኳት፤ «ቻዪ የኔ ልጅ፣ ሳይቆነጠጡ መቆንጀት የለም።» የወንበሩን ክንድ በሁለት እጇ ጨብጣ ቻለች። እኔም ከሬዲዮኑ ጋር እየዘፈንኩ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። የኋላውን ገና ሳልቀባ ግንባሯ ሲቀላ አይቼ ሳጥባት፣ ከግንባሯ በስተቀኝ ያለው ፀጉር ከነቆዳው እጄ ላይ ቀረ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን አውቄዋለሁ።

ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ የራሷም ፀጉር የለሰለሰ ነው። «ምን አቃጠለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። አፌን ልከፍት ስል ያኒሪስ ቀደመችኝ። «ዘይት ነው» አለች። «ሙዝ ስጠብስ ዘይት ፈናጠረብኝ።» ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ።

አበልጄ፣ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። አሥራ ሦስት ዓመታችን እያለ፣ ከአክስቴ ዕቃ ሪላክሰር ሰርቄ፣ ለደብሩ በዓል ላሳምርሽ ብዬ፣ ሙዙ እርሻ ውስጥ ተደብቀን ከጆሮሽ ኋላ ያቃጠልኩሽ ትዝ አለኝ። እኔ ላይ ቀበቶ እንዳይነሣ ለእናትሽ «ዘይት ነው» አልሻቸው። ይኸው እስከ ዛሬ ፀጉርሽን በዚያ ወገን ለቀሽ ትሸፍኚዋለሽ። ልትሄጂ ሳምንት ሲቀርሽ ደግሞ፣ ልጅሽ ከኋላሽ ቆማ በሚዶ ስታበጥርሽ ምልክቱን አገኘችውና «ይሄ ምንድን ነው?» አለችሽ። «ዘይት ነው» አልሻት። እኔ መሬት ላይ ቢጎዲን እየለቀምኩ ነበር። ሰማሁ፣ ቀና ግን አላልኩም። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ትረሳዋለች ብዬ ነበር።

ከቤት ስትወጣ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆማ «እትዬ፣ ይመርቁኝ» ትላለች፤ ሥርዓቷ እንዳሳደግናት ነው። ከክሊኒክ በተመለስን ማግስትም፣ ራሷ በፋሻ እንደታሰረ፣ ቆማ «ይመርቁኝ» አለችኝ። «እግዚአብሔር ይባርክሽ» ማለት አቃተኝ። ቆማ ጠበቀችኝ። በመጨረሻ ራሷ «አሜን» ብላ ወጣች።

የሐሙሱን ቀጠሮ እነሱ አዛወሩት ያልኩሽም ውሸት ነው። በፋሻ ተጠቅልላ ስለማትቀርብ እኔ ነኝ ያስቀረኋት። ሐኪሟ በዚያ ቦታ ሥሩ ሞቷል፣ ከእንግዲህ አይበቅልም ብላለች። የመዳፌን ያህል ነው። ፋሻው በተፈታ ማግስት ያኒሪስ የተረፈውን በኔ መቀስ፣ በኔ መስታወት ፊት፣ ቤት ሙሉ ደንበኛ እያያት ከሥሩ ቆረጠችው። አሁን በቅሎ አጭር ጎፈሬ ሆኗል፤ ያምርባታል፣ ሳልወድ ነው የማምነው። መንገድ ላይ አትሸፍነውም፣ ትምህርት ቤትም ሳትሸፍን ነው የምትሄደው፤ ጠባሳውን ሲያዩ የሚመልሳት ጠፋ። ሻሽ የምታስረው አንቺ ስትደውዪ ብቻ ነው፤ ካሜራውን ዘግታ እንኳ ድንገት ይከፈት ይሆናል ብላ። «ለምን?» ብላት፣ «እናቴ ካየችው ማን እንደሠራው ታውቃለች» አለችኝ።

ፎቶውን ባለፈው ሳምንት ተነሣች። በጎፈሬዋ፣ በምልክቷ። ፎቶ አንሺው «አገጭሽን ቀና» ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልተናገረም። ወረቀቱንም እንዳለ ተቀበሉት፤ አዲሱ ቀጠሮ በሚመጣው ወር ነው። ማንም ሰበብ አላደረገብንም። ይሄ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ልታስቀባት። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ወንበሩ ላይ ሳስቀምጣት እግሯ መሬት አይደርስም። «ታጥባለች?» አልኩ። «ኧረ አልታጠበችም፣ እንዳልሽው ነው ያደረግነው» አለችኝ እናቷ። ሁሉም በደንቡ ነው። ዕቃውን ከፈትኩት፣ ሽታው ወጣ፣ ማንኪያውን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ልጅቷ በመስታወት እያየችኝ «ያቃጥላል እንዴ?» አለችኝ። «አዎ፣ ያቃጥላል» አልኳት። ለማንም እንዲህ ብዬ አላውቅም። እናትየዋ ተቆጥታ ሄደች፤ የወረፋዎቹንም አሰናብቼ በሩን ዘጋሁ። ነገ እከፍት እንደሆነ አላውቅም፤ ከዚህ ሌላ ሙያ የለኝም።

ጥቅሉን አሁን ፍቺው። የቆረጠችው ፀጉር ነው፤ መድኃኒቱ ያልደረሰበትን የኋላውን ከወለሉ ለቅሜ ጎንጉኜዋለሁ። በአንዱ ጫፍ ያለው ሉጫ የኔ ሥራ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበት። ሌላውን ጫፍ በጣትሽ ዳሺው። እሱን እኔ አልሠራሁትም። በፎቶው ላይ ያለችው የሰባት ዓመቷ ልጅ ፀጉር ነው።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። ይቅር በይኝ ብዬ አላስቸግርሽም፤ እሱ በጊዜው ከመጣ ይምጣ። አውሮፕላን ጣቢያው ላይ ልጅሽን ስታገኚያት ግን፣ ከማቀፍሽ በፊት፣ ፀጉርሽን ሰብሰብ አድርገሽ ከጆሮሽ ኋላ ያለውን አሳዪአት። ዘይት እንዳልነበረም በአፍሽ ንገሪያት። ሁለታችሁም ሸፍናችሁኛል፤ ይብቃኝ።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ ከልጅሽ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ያስቀምጥሽ። እዚያ ስትደርስ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ «ይመርቁኝ» ትልሻለች። አታስጠብቂያት፤ ቶሎ መልሺላት።

እስከምትሄድልኝ ድረስ የምመርቃት፣
አበልጅሽ