ቫዮሊኑ የዘገየበት ሰርግ

ለእህቴ ልጅ ለብሉምኬ፣

እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? ባልሽስ እንዴት ነው? ልጆቹ ጥርስ አበቀሉ ወይስ አሁንም የአያታቸውን ይዋሳሉ? የአማትሽ የወይዘሮ ሔንያ ጀርባ ተሻለው? ባለፈው ስትጽፊ በሜልበርን ፀሐዩ አናት እንደሚበሳ ነግረሽኝ ነበር፤ እዚህ ፓሪስ ቤልቪል ደግሞ ዝናቡ ከጣሪያዬ ጋር የኪራይ ውል የተዋዋለ ይመስላል። እኔ ከናፍቆትሽ፣ ከጉልበቴና ከማግባቴ በስተቀር ደህና ነኝ።

አዎ፣ ደግመሽ አንብቢው። አጎትሽ ዛንቭል በስተርጅና አግብቷል። እንኳን ደስ ያለህ ለማለት ግን አትቸኩይ። ሙሽራዋ ትረግመኛለች፣ ረቢው ራሳቸውን ይዘዋል፣ እኔም ከዚህ ጉድ በየት በኩል እንደምወጣ ጠፍቶኛል። መውጫው፣ ካለ፣ አንቺ እጅ ላይ ነው። ስለዚህ ሻይሽን ቅጂና ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።

ቲያትራችንን መቼም ታውቂዋለሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አልወፈረም። አሁንም በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ያንኑ አዳራሽ እንከራያለን፤ ንጉሡ በሥራ ቀን ልብስ ተኳሽ ነው፣ ጠንቋይዋ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። በአይሁድ ቋንቋችን በይዲሽ ቀልድ ሲነገር የሚስቅ ሰው ግን ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው። ልጆች እናቶቻቸውን ደግፈው ያመጣሉ፤ እናቶቹ ከሳቁ በኋላ ልጆቹ «ምን አለች?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሲተረጎምላቸው እንደገና ይሳቃል። የቲያትሩ ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ያ ኮፍያ ሰፊው ገዳልየ፣ «በአንድ ቀልድ ሁለት ሳቅ፤ ከስረናል የሚል ማነው?» እያለ ይጽናናል።

እውነቱን ለመናገር ቲያትሩ የቆመው በዶብሪሽ ነው። ዋና ተዋናያችን እሷ ናት፤ እሷ ከሄደች በሩ ይዘጋል፤ ይህን ወንበር የምታጸዳው ሴትዮ እንኳ ታውቃለች። ዶብሪሽ ደግሞ ቤልጅየም፣ አንትወርፕ ላለ ፊሼል ለሚባል አልማዝ ቆራጭ ታጭታለች። ሚስቱ የሞተችበት ደግ ሰው ነው። «ከዚህ የቲያትር ወቅት በኋላ» እያለች ዓመታት አቆየችው። ዘንድሮ ግን የሰርጉ ቀን ተቆረጠ፤ ከፋሲካ በኋላ ነው። እኛም ሐዘን ልንቀመጥ ተዘጋጅተን ነበር።

የኔን ሥራ አልረሳሽውም። ቀን ልብስ እሰፋለሁ፤ እሑድ ከመድረኩ ሥር ባለችው ጉድጓድ ተቀምጬ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ሹክ እላለሁ። ዕድሜዬን የሰው ጫማ እያየሁ ነው የፈጀሁት። ይህ ሥራ አንድ በሽታ ያስይዛል፤ መድረክ ላይ ዝምታ ስሰማ ምላሴን ያሳክከኛል። ቃሉን አውጥቼ ካልሰጠሁ እንቅልፍ የለኝም።

እንግዲህ አንድ እሑድ ሙሽራ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ፣ ሌመል፣ ጉሮሮው ተዘጋና ከነትኩሳቱ ወደ ቤቱ ሄደ። ቃሉን የሚያውቅ ሌላ ማን አለ? ጎትተው ከጉድጓዴ አወጡኝና የሌመልን ኮት አለበሱኝ። ኮቱን የሰፋሁት ራሴ ነኝ፤ ሆዴን ግን አስቤ አልነበረም። የመድረኩ የቆርቆሮ ቀለበት ከሌመል ጋር በኪሱ ሄዷል። «ያንተ ትንሿ ጣት ላይ ያለው ምን ሊሆን ነው?» አለችኝ ዶብሪሽ። የእናቴ ቀለበት ነበር፤ የአያትሽ።

ሙሽሮች ከሥሩ የሚቆሙበት የሰርጉ የጨርቅ ጥላም የእውነት ነበር። የኛ በብል ስለተበላ ከምኩራብ ተውሰን ነው። የምኩራቡ አገልጋይ እንዳናቆሽሽበት ሊጠብቀው መጣ፤ ብቻውን ቲያትር ቤት መታየት አፍሮ ጎረቤቱን አሳ ሻጩን ይዞት መጣ። ሁለቱ ጢማሞች ከመጋረጃው ጎን ቆሙ። «እኔ የማየው ጥላውን ብቻ ነው» አለኝ አገልጋዩ። ጆሮው ግን ሥራ አልፈታም።

አንቺ ልጅ ሆነሽ ያን ትዕይንት ስንት ጊዜ አይተሻል። ሙሽራው ቀለበቱን ይዞ «እነሆ በዚህ ቀለበት» ሲል ቫዮሊኑ ይፈነዳል፤ የቀረው ቃል አይነገርም። አባቶቻችን እንዲህ ያደረጉት አለምክንያት አይደለም። ቃሉ ሙሉ ከተባለ፣ ሁለት ሃይማኖተኛ ሰዎች ካዩና ሴቲቱ ቀለበቱን ከተቀበለች፣ ሰርግ ነው፤ መድረክም ይሁን ወጥ ቤት።

ወጣን። ዶብሪሽ ዓይነ ርግቧን ለብሳለች። አዳራሹ ውስጥ ያሉት አሮጊቶች ከአገራቸው ከወጡ ወዲህ በድሮው ወግ የተዳረች ሙሽራ ያዩ አይመስለኝም፤ አንድ በአንድ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ማንም አላዘዛቸውም። ጣቷን ዘረጋችልኝ። «እነሆ በዚህ ቀለበት» አልኩ። ቫዮሊን የለም። ቀና ብዬ ሳይ ቫዮሊን መቺው መምቻውን ጉልበቱ ላይ ጥሎ በመሐረብ ዓይኑን ይጠርጋል። ዝም። አዳራሹ ሁሉ ዝም። ጉድጓዱም ባዶ ነው፤ ባለቤቱ መድረክ ላይ ተገትሯል። ብሉምኬ፣ ምላሴ አሳከከኝ። «በሙሴና በእስራኤል ሕግ ለእኔ የተቀደስሽ ነሽ» አልኩና ቀለበቱን አጠለቅሁላት። እንደ ሰርግ ወጉ ብርጭቆውን ረግጬ ሰበርኩ፤ ሕዝቡ «ማዝል ቶቭ! መልካም ዕድል!» ብሎ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። እንደዚያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

መጋረጃው ሲወርድ አገልጋዩ ፊቱ እንደ ሻማ ነጥቶ መጣ። «ዛንቭል፣ ምን እንዳደረግህ ታውቃለህ?» አለኝ። «ምነው፣ አበላሸሁት?» አልኩት። «የለም፣ በጣም አሳምረኸዋል። አግብተሃል» አለኝ። አሳ ሻጩ ራሱን ነቀነቀ። ዶብሪሽ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ የሁለቱን ፊት አየች፤ ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

በማግስቱ ረቢው ዘንድ ቆምን። «ጨዋታ ነው፣ ልቤ ውስጥ ማግባት አልነበረም» አልኳቸው። «በልብ ያለ ነገር አይሰማም፤ የሚሰማው አፍ ያወጣው ነው» አሉኝ። «እንግዲያው ልፍታት» ስላቸው እጃቸውን አነሱ። ፊሼል ለካ የካህናት ዘር ነው፣ ከአሮን ወገን። የአሮን ወገን ደግሞ የተፈታች ሴት አያገባም። ካልፈታኋት ሚስቴ ናት፤ ከፈታኋት የአንትወርፕ በር ተዘጋባት። በሁለት በኩል የተሰፋ እጅጌ ነው፤ እጅ አያስገባም፣ አያስወጣም።

ረቢው ጢማቸውን ሲያሹ ቆይተው «ቀለበቱ የማነው?» አሉኝ። ሰው በራሱ ባልሆነ ቀለበት አያገባም። የሌላ ሰው አደራ ከሆነ ሰርጉ ከመጀመሪያውም አልነበረም፤ ፍቺ አያስፈልግም፤ ዶብሪሽ እንደነበረች ናት። «የእናቴ ነበር» አልኳቸው። «ከእናትህ በኋላስ?» አሉኝ። ዝምታ የማይወደው አጎትሽ ዝም አለ። በመጨረሻ «አላስታውስም» አልኩ።

ገዳልየ ይህን ሲሰማ አንድ ሙሉ የአጃ ዳቦ ይዞ፣ ፊቱን እንደተቆለፈ ሳጥን አድርጎ ወደ ቤቴ መጣ። «አላስታውስም ማለትህ ብልህነት ነው» አለኝ። «እንዲያውም ከዛሬ ጀምሮ የራስህን ስም አታስታውስ። ሰዉ ባልና ሚስቱን ለማየት እየተጋፋ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ አግዳሚ ወንበር ተውሰናል። ወጣቶችም መጥተዋል፣ ዛንቭል፣ ጥርስ ያላቸው ወጣቶች!» «ዶብሪሽስ?» አልኩት። «አንትወርፕ ሄዳ ምን ልትሆን ነው? ለአንድ ካህን ሾርባ ልታማስል? እዚህ ንግሥት ናት» አለኝ። «የታሰረች ንግሥት» ስለው፣ «ንግሥት መቼ ተፈትታ ታውቃለች?» ብሎ ዳቦውን እሱው ቆርሶ በላው።

ከዚያ ደግሞ ዶብሪሽ ራሷ መጣች። የካፖርቷ ገበር ተቀዶ ነበር፤ የስፌት መኪናዬ ላይ ወረወረችልኝና «እንካ ባሌ፣ ስፋው። ለሌላ ነገር አልጠቀምከኝም» አለች። መስፋት ጀመርኩ። ጨርቅ ክምሩ ላይ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሁሉም የሚያወራው እኔ ልሂድ ወይስ ልቅር እያለ ነው፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ፊሼልን ያቆየሁት ራሴ ነኝ፤ መድረኩን የምተወውም ራሴ ነበርኩ። መቅረት ካማረኝ በእግሬ እቀራለሁ። አሁን ግን በሩን ይዘህ የቆምከው አንተ ነህ፣ ቀልደኛው። እስቲ ንገረኝ፣ ቀለበቱ የማነው?» «አላስታውስም» አልኳት። «የስንቱን ሰው ቃል በልብህ ይዘህ፣ የራስህን ረሳኸው?» አለችና ገበሩ በግማሹ እንደተንጠለጠለ ካፖርቷን ነጥቃኝ ሄደች።

ብሉምኬ፣ አልረሳሁም። ወደ ሜልበርን የሄድሽ ዕለት፤ የባቡር ጣቢያው፣ ወደ ማርሴይ ወደብ የሚሄደው ባቡር፣ አንቺ በመስኮት። ቀለበቱን አወጣሁና ጣትሽ ላይ አደረግሁልሽ፤ «የአያትሽ ነው፣ ያንቺ ነው» አልኩሽ። ፉጨቱ ሲነፋ አወለቅሽና መልሰሽ መዳፌ ውስጥ ጨመርሽው። «ያዘው አጎቴ፤ ሚስት ስታገኝ ታደርግላታለህ» ብለሽ ሳቅሽ። ይኼው ነው። ስጦታ ከነበረ ቀለበቱ የኔ ነው፤ ዶብሪሽም በሕግ ሚስቴ ናት፤ ቲያትሩም ተረፈ። ቀልድ ከነበረና አደራ ከሰጠሽኝ፣ እሷ ነጻ ናት። እኔ በደስታ እየሳቅሽ በስጦታ እንደሰጠሽኝ ለራሴ ስነግረው ሰነበትኩ። አገጭሽ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። በእኛ ቤት ደግሞ ማልቀስ ሲያቅተን ምን እንደምናደርግ እናውቃለን።

የምደብቅሽ የለም። ብቻዬን በአንዲት ሳህን ስበላ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በንዴትም ቢሆን «ባሌ» ስትለኝ ቀኑን ሙሉ መርፌዬ ይቀልልኛል። ያም አንድ ነገር ነው። አዳራሹ ሲሞላ ማየትም አንድ ነገር ነው፤ ከእኛ በኋላ በዚህ ቋንቋ መድረክ ላይ የሚጣላ ሰው ላይኖር ይችላል። ገዳልየ ክፉ ሰው አይደለም፤ እየሰመጠ የያዘውን እንጨት አልለቅም ያለ ነው። እንጨቱ ግን ሴት ናት።

በመጨረሻ ለረቢው ቀለበቱ በአንቺ እጅ እንዳለፈ ነገርኳቸው፤ የቀለበቱ ባለቤት ናት የምትባለው በራሷ እጅ ጽፋ ትላክልኝ ብለዋል። ስለዚህ ጻፊ። ለእኔ የሚበጀኝን አትጻፊ፤ ለዶብሪሽ ብለሽም አትዋሺ፤ በውሸት ነጻ መውጣት እንደማትፈልግ አውቃለሁ። ያን ቀን በመስኮቱ ስትሰጪኝ ምን ብለሽ እንደሰጠሽኝ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፤ መልሱን ወደ እኔ አትላኪው። የረቢውን አድራሻ ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ፤ በቀጥታ ለእሳቸው ላኪ። በእኔ በር ካለፈ ምድጃው ቅርብ ነው፣ እኔም ራሴን አውቀዋለሁ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ የላከልኝ የሱፍ ካልሲ ከእኔ በፊት ያረጃል ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ። ለወይዘሮ ሔንያ ጀርባቸው ላይ ትኩስ ጨው አድርጉላቸው፤ ካላዳናቸው ቢያንስ የሚያማርሩበት አዲስ ነገር ያገኛሉ። ትልቁን ልጅ ጆሮውን ቆንጥጪልኝ፣ ትንሿን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ከዚህ ቤት ሰላምታ የሚልክልሽ እኔ ብቻ ነኝ፤ ባለቤቴ አታናግረኝም።

አጎትሽ ዛንቭል

ቤልቪል፣ ፓሪስ
ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ መጋቢት 1958 እ.ኤ.አ.