ያልነካሁት ደወል

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል እታለም? ወገብሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ጎንበስ ቀና ስትይ ይወጋሻል? እማዬስ እንዴት ናት? ጆሮዋ ጭራሽ እምቢ አለ ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ ሐሳቤ እሷ ጋ ነው። ባልሽ ጋሼ አናጢው፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ተረከዜ ብቻ አብጦ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ነው የምጽፍልሽ። ነገሩን ከሥሩ ላጫውትሽ፤ ለእማዬ ከማንበብሽ በፊት ግን ብቻሽን ጨርሺው።

አከራዬን፣ እሜቴ የምላቸውን፣ ከዚህ በፊት ጽፌልሻለሁ። ጆሯቸው ከናካቴው አይሰማም፤ የሰው ከንፈር እያዩ ነው የሚያወሩት። የሚተኙት በራቸውን ከውስጥ ቀርቅረው ነው። ሰው ሲመጣ በሩ ላይ ያለውን ደወል ይጫናል፣ አልጋቸው አጠገብ አምፖል ብልጭ ይላል፣ ይነሳሉ። ለእማዬ እልካለሁ ያልኩሽም እንዲህ ያለውን ነው። እኔንና እሳቸውን የሚያጣላን ወለሉ ነው። ጣውላ ስለሆነ ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ በኮሪደሩ ስራመድ አልጋቸው ይንቀጠቀጣል። “በሬው” ብለው ስም አውጥተውልኛል። እኔም ደክሞኝ መጥቼ እንደ ሌባ በጣቴ መራመዱ ሲያስመርረኝ ከርሟል።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የታችኛውን በር ስከፍት የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ተቀበለኝ። እንደምታውቂው የምሠራው ጋዝ እያቃጠልን መብራት የምናመነጭበት ጣቢያ ነው። ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም፤ ያ ክፉ ሽታ የሚጨመርበት ሲያፈተልክ ሰው እንዲያውቅ ነው። ሥራ ስንገባ መጀመሪያ የነገሩንም ይህንኑ ነው። ከሸተተህ መብራት አታብራ፣ የበራውንም አታጥፋ፣ ስልክህን አታውጣ፤ ውጣና ርቀህ ጥራ። ጨርቄን ማቄን ሳልል መውጣት ነበረብኝ። ጎረቤቶቹ ሁሉ ሥራ ሄደዋል። እሜቴ ግን ላይ ተኝተዋል።

በሩን ወለል አድርጌ ትቼ ደረጃውን ወጣሁ። በራቸው ጋ ስደርስ እጄ በልማድ ወደ ደወሉ ሄደ። ሊነካው ትንሽ ሲቀረው ባነንኩ። እታለም፣ ሌሊቱን ሙሉ ማብሪያ ማጥፊያ ስጫን ነው የማድረው፤ እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ነው የሚሄደው። ከዚያች ደወል የምትወጣ ብልጭታ እሳቸውንም እኔንም ቤቱንም አመድ ታደርገን ነበር። እጄን ሰብስቤ ብብቴ ሥር ከተትኩት። በሩን ብደበድብ ማን ይሰማል? ብገፋው አይነቃነቅም። ሽታው እየባሰ ሄደ፣ ራሴን ማዞር ጀመረኝ። ትቻቸው ልውጣ ብዬም አሰብኩ፤ አልዋሽሽም።

የመጣልኝ ያ የሚያጣላን ወለል ነው። የሥራ ጫማዬ ብረት ስላለው ብልጭታ እንዳያወጣ አወለቅኩትና በካልሲ ዘለልኩ። እንደ እብድ፣ በተረከዜ ጣውላውን እየወቀጥኩ ዘለልኩ። ወዲያው መቀርቀሪያው ሲሳብ ሰማሁ፤ ብረት ነውና ትንፋሼን ዋጥኩ። እሜቴ እሳት ጎርሰው እሳት ለብሰው ወጡ።

“አንተ በሬ፣ ዛሬስ ቤቱን በላዬ ላይ ልታፈርሰው ነው?”

ኮሪደሩ መስኮት የለውም፣ የክፍላቸውም መጋረጃ እንደተዘጋ ነው፤ ከንፈሬን ለማየት ብርሃን ያስፈልጋቸዋል። እጃቸውን ወደ ማብሪያው ሰደዱ። አየር ላይ ቀለብኩት። ታገሉኝ፣ ጮሁብኝ፤ እኔም በጨለማ የማስረዳበት መንገድ አጣሁ። በመጨረሻ በሌላው እጄ አፍንጫቸውን ነካሁላቸው። አየሩን ማግ አደረጉና መታገላቸውን ተዉ። ደግፌ በሌሊት ልብሳቸው አወረድኳቸው።

ከሰፈሩ ርቀን ነው ስልክ የደወልኩት። የጋዝ ሰዎች መጥተው ዋናውን መስመር ዘጉ፤ የመብራት ሰዎችም የሰፈሩን መብራት ከሩቅ አቋረጡ። ለካ ለውሃ የሚቆፍሩ ሰዎች ከሥር ምን እንዳለ ሳይጠይቁ የጋዙን ቧንቧ በስተውት ኖሯል፤ ጋዙ በአፈር ውስጥ ተስቦ ቤታችን ገባ። ባለሙያው ወደ ውስጥ መግባቴን ሲሰማ ክፉኛ ተቆጣኝ፤ እውነቱን ነው። እሜቴ እጄን ይዘው ቀሩ። አሁን ሳይቀረቅሩ ነው የሚተኙት። በጣቴ ስራመድ ደግሞ ይቆጡኛል፤ መግባቴ ካልተሰማቸው እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

እኔን የሚያባንነኝ ግን የእናንተ ቤት ነው። በሰፈራችሁ የጋዝ መስመር ሊዘረጋ ነው ብለሽኛል። ወለላችሁ ሲሚንቶ ነው፤ ሲዘለልበት ቢውል እማዬ አይሰማትም። ደወሉን እልካለሁ፤ ግን ደወል የማይነካበት ቀን አለ። እሷም እንደሆነች ሳትቀረቅር ተኝታ አታውቅም።

ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ያ ሽታ ሲመጣ ምንም ሳይነኩ ወደ ውጭ እንዲሮጡ ንገሪያቸው። ጋሼ አናጢውን ሰላም በይልኝ፤ ሌላው ሥራ ይቆየውና የእማዬን መቀርቀሪያ ዛሬውኑ ይንቀልልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ከንፈርሽን እንድታይ ፊት ለፊቷ ተቀምጠሽ አንብቢላት፤ መቀርቀሪያው ጋ ስትደርሺ ትቆጣለች፣ ያኔ እጇን ያዢልኝ።

ወንድምሽ በሬው

ከእሜቴ ቤት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን