እኅት የማታልፍበት የጋሽ አይፈቀድም ሥራ

በመሥሪያ ቤታቸው «ጋሽ አይፈቀድም» የሚባሉት ሟች ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ሰው መናቅ የጀመሩት ገና በልጅነታቸው ሲሆን፣ በዚህ ሙያ እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚስተካከላቸው አልተገኘም።

በ1974 በሒሳብ ተመረቁ። በ1982 ትዳር መሠረቱ፤ ባለቤታቸው አራት ዓመት ችለዋቸው፣ ልጅ ሳይወልዱ፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ማንም አልፈረደባቸውም።

በ1996 ሆስፒታሎች ኤክስኤምኤል በሚባል የኮምፒውተር አጻጻፍ የሚለዋወጡትን መልእክት እንዲነድፉ ተቀጠሩ። ሥራቸው ቀላል የዳታ ዓይነቶችን መወሰን ነበር፤ በመልእክቱ በየቦታው የትኛው ቃል፣ ስንት አኃዝ እንደሚገባ ይደነግጋሉ፤ ከዚያ የወጣውን ኮምፒውተሩ ይመልሰዋል። ሁሉንም «ዝም ብሎ ጽሑፍ» ብለው የሚተዉ ባልደረቦቻቸውን ከሰው አይቆጥሯቸውም ነበር። ለታማሚ የቅርብ ዘመድ አምስት ቃል ብቻ ፈቀዱ፦ እናት፣ አባት፣ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «እኅትና ወንድምስ?» ብትላቸው፣ «እንደዚያ ካልን ጎረቤትም ይግባ!» ብለው አፏን አስዘጓት። አለቆቹም ማሰብ ስለማይወዱ አጨበጨቡ። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው የተባለው ለእሳቸው አይመስላቸውም ነበር።

በ2014 ኩላሊታቸው ታመመ። ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው፣ ስድባቸውንም የጠጣችው ታናሽ እኅታቸው ናት። በዚህ ሚያዝያ ለቀዶ ሕክምና ሲገቡ የቅርብ ዘመድ መፈረም ነበረበት። ነርሷ በዝምድናው ቦታ «እኅት» ብላ ብትልክ መልእክቱ ተመለሰ፤ ብትደግመውም ተመለሰ። ወደ ቀድሞ ቢሮአቸው ስትደውል፣ አንድ ቃል ለመጨመር ኮሚቴ መሰብሰብ አለበት አሏት፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ወር ነበር። እኅትየዋ ኮሪደር ላይ ቆማ ወንድሟን ትረግማለች። የምትረግመው እንዳይሞቱባት ፈርታ ነው።

እሳቸው ነርሷን ጠሩና፣ «እናት ብለሽ ጻፊ» አሏት። ነርሷ በስድስት ዓመት የምታንሳቸውን ሴት አይታ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል? ከእናቴ እኩል አጥባኛለች። ጻፊ!»

በሥራቸው ላይ ሐሰት ያስገቡት ያን ዕለት ብቻ ነው። መልእክቱ አለፈ፤ እኅትየዋም እናት ተብላ ፈረመች።

ቀዶ ሕክምናው አልሆነላቸውም፤ ሚያዝያ 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐረፉ። ከኋላቸው የቀረችው ይህችው አንዲት እኅታቸው ናት፤ ዕድሜ ልኳን ስታማርራቸው ኖራ፣ ዛሬ ማን ይሰድበኛል እያለች ታለቅሳለች። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ፤ ምላሳቸውንም ጭምር።