ሠላሳ ስድስት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ያጠቡት እታለም

እታለም ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ተወለዱ። «እታለም» ያላቸው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ ስሙ ግን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው ሆነ።

ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ አረፉ። ደብተራቸውን አስቀምጠው በሰው ቤት ልብስ ማጠብ ያዙ፤ ወንድማቸው ግን ከትምህርት አንድም ቀን አልቀረም። በ1968 ዓ.ም. በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጥረው፣ ደምና መግል የነካውን አንሶላ ለሠላሳ ስድስት ዓመታት አጠቡ። በረኪና ጣታቸውን ሲልጠው «እድፍ ሲነከር ይለቃል» ይሉ ነበር።

በ1972 ዓ.ም. የሆስፒታሉን ሾፌር አግብተው በፍቅር ኖሩ፤ ልጅ አልወለዱም። በ2006 ዓ.ም. ባለቤታቸው ሲያርፉ፣ ቤቱ የተከራየው በሟች ስም ነውና ይልቀቁ ተባሉ። ጡረታቸው ለሌላ ቤት ኪራይ አልበቃ ብሎ በየዘመዱ ቤት ፊት ሲጠቁርባቸው ከርመው፣ በመጨረሻ በአውቶቡስ ጣቢያ ካርቶን አነጠፉ።

የስኳር በሽተኛ ነበሩ። መድኃኒት የምትሰጣቸው ነርስ ኢንሱሊኑን ቀዝቃዛ ቦታ እንዲያስቀምጡ ብትነግራቸው፣ «ቀዝቃዛ ቦታማ ሞልቶኛል፣ ልጄ፤ የምተኛው ደጅ ነው» ብለው አሳቋት። ከዚያ ወደ ወንድማቸው መጡ።

«ማደሪያ አልጠየቅሁህም። ከማቀዝቀዣህ አንድ ጥግ ስጠኝ» አሉት።

ስኳር እንደማይጋባ እያወቀ «ለልጆቹ ፈርቼ ነው፣ እታለም» አላቸው። «እውነትህን ነው» ብለው ተመለሱ።

መድኃኒቱ በፀሐይ ተበላሸ፤ እግራቸው ቆስሎ አመረቀዘ። ያገለገሉት ሆስፒታል በሽታቸውን ትቶ ሽታቸውን መረመረ። የጎን ታካሚዎች አቤቱታ ሲያበዙ በሦስተኛው ቀን አስወጣቸው። ወረቀቱ «ተሽሏቸው ወደ ቤታቸው ተሸኝተዋል፤ ቁስሉ በንጹሕ ቦታ ይታጠብ» ይላል። የቱ ቤት ብሎ የጠየቀ የለም። ወንድማቸውም ተደውሎለት «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሏል።

ቁስላቸውን በጆግ ውሃ እያመላለሰች ያጠበችው የጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ ብቻ ናት። ጥቅምት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ውሃ ይዛ ስትመጣ፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አርፈው አገኘቻቸው። የሞት ማስረጃቸው «ተፈጥሯዊ» ይላል። ውሸት ነው። ዛሬ ሊቀብራቸው ሰባት መኪና ተሰልፏል፤ እግራቸው ሲበሰብስ ግን ሐኪም ቤት ያደረሳቸው በሰው የሚገፋ ጋሪ ነበር።

ከኋላቸው አንድ ወንድምና ሁለት የወንድም ልጆች ቀርተዋል። መጽናናቱን ግን ከሰዉ ጀርባ ለቆመችው ለጽዳት ሠራተኛዋ እንመኛለን፤ ለእኛ ለዘመዶች አይገባንም። የእታለምን ነፍስ አምላክ፣ ማንም አድራሻ በማይጠይቅበት ደጁ ይቀበልልን።