ጣሳህን ይዤ ምርጫ ሄድኩ

ለደምሴ፣ ለቤቴ አባወራ፤

አንተን ከቀበርን ሦስተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ይህን የምጽፍልህ እኔው ራሴ ነኝ፤ ሌላ ሰው እያስጻፍኩ አይደለም። በሕይወት ሳለህ ፊደል ሳይ የዝንብ እግር እያልኩ አልፍ እንደነበር ታውቃለህ። አሁን ከሰዓት በኋላ ሴቶች የሚማሩበት ቤት ገብቼ፣ ጉልበቴ እያመመኝ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሀሁን ለይቻለሁ። ጽሕፈቴ ይንጋደዳል። አንተ የተጨማደደ ቆርቆሮ አቃንተህ ምድጃ ታወጣ የለ? እንደዚያ እያቃናህ አንብበው።

ቤቱ ደህና ነው። ጣራው ድሮ በሚያፈስበት በኩል ዛሬም ያፈሳል። ምን አለሽ ተራ ያለውን ቦታህን የሥራ ጓደኞችህ ይዘውልኛል፤ ወናፍህም አላረፈም። በዚያ ሳልፍ የመዶሻውን ድምፅ ስሰማ አንተ ያለህ ይመስለኝና ምሳህን አላደረስኩም ብዬ እደነግጣለሁ። ልጃችን አልማዝ ተማሪ ቤት ገብታለች። አስተማሪው የአባትሽ ሥራ ምን ነበር ቢላት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቀጥቃጭ አለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ተነሥታ ሄደች። በማግስቱ ግን ተመለሰች፤ ላጲስ ያላት አልማዝ ብቻ ናት አሉ። ስሰማ ሳቅሁም፣ ተናደድኩም።

እንዴት እንደተቀበርህ ደግሞ የሚነግርህ የለምና ልንገርህ። የሰፈሩ እድር በቁምህ እንዳልተቀበለን ሁሉ በሞትህም አልመጣም። የእድሩ ዳኛ አቶ ካሳ፣ አጥር ለአጥር የምንኖረው ሰውዬ፣ ለቅሶዬን እየሰማ በሩን ዘጋ። ቤቱ ወጥ የሚሠራው አንተ በቀጠቀጥከው ምድጃ ነው። ምድጃህ ቡዳ አልሆነባቸውም፤ እጅህ ነው ቡዳ የሆነው። የተሸከሙህ ቀጥቃጮቹ ናቸው። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ቅመም የምትነግደው ዘይነባም ልጆቿን አስከትላ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኘችህ። ጓደኞችህ የብረት መስቀል ሠርተው ራስጌህ ተከሉልህ። ስም ግን የለበትም፤ ከመካከላችን መጻፍ የሚችል ሰው አልነበረም። ፊደል የቆጠርኩት ስለዚያ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሁን ወደ ወሬዬ ልግባ። አዲስ ሕገ መንግሥት ወጥቷል። ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። እንደራሴዎችንም ሕዝቡ ራሱ ይመርጣል፣ ሴትም ትመርጣለች ተባለ። እኔ መጀመሪያ አላመንኩም። ሠራተኛን አትስደቡ ተብሎ ድሮም ታውጆ ነበር ብለህ አልነበር የምታጫውተኝ? ነጋሪቱ ሲጎሰም ይሰማል፣ ነጋሪቱ ሲያርፍ ይረሳል። ቢሆንም ነጠላዬን አጣፍቼ ልመዘገብ ሄድኩ።

መዝጋቢው ከመንግሥት የተላከ ወጣት ነው። አጠገቡ የሰፈሩ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ የመጣው ሰው እዚያው ነዋሪ መሆኑን ይመሰክራል። ሽማግሌው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አቶ ካሳ! እግሬ ሊመለስ ነበር። እሱ አላውቃትም ካለ አለቀ፤ በዚያ ወረፋ ሁሉ ፊት እንደገና ሰው ሳልሆን ልመለስ ነው።

«እኚህን ሴትዮ ያውቋቸዋል?» አለው መዝጋቢው።

አቶ ካሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህች እንኳን... ባሏ ቀጥቃጭ ነበር።»

«አባቴ፣ ሥራቸውን አልጠየቅሁም። ሕጉም አይጠይቅም። እዚህ ሰፈር ይኖራሉ ወይ ነው ያልኩት።»

አቶ ካሳ ወደ እኔ አላየም። ኋላ ላይ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ትኖራለች» አለ።

ደምሴ፣ ያን ሁሉ ዘመን አጥር ለአጥር ስንኖር ይህችን ቃል ከአፉ ሰምተን እናውቃለን? ፈልጎ አላላትም፤ ሕጉ አስገድዶ አስባለው። ይሁን። እኔም ፍቅሩን አልለመንኩትም።

መዝጋቢው አውራ ጣቴን የምነክርበትን ቀለም አቀረበልኝ። እንቢ ብዬ ብዕሩን ተቀበልኩና ስሜን መጻፍ ጀመርኩ። ከኋላዬ የነበረችው ዘይነባ ትዕግሥቷ አለቀ። «ኧረ ጥሩነሽ፣ ስምሽን ነው ወይስ የዘር ሐረግሽን ነው የምትጽፊው? ፀሐዩ ገደለን እኮ!» ወረፋው ሳቀ። እኔ ግን እስክጨርስ አልተነሣሁም።

የምርጫው ዕለት ደግሞ ሌላ ጉድ ሆነ። ሰልፉ እስከ ጭድ ተራ ደርሷል፤ ሙቀቱ አይጣል ነው። አንዲት ሴት እንስራ ይዛ መጥታ በአንድ ዋንጫ ሁሉንም ታጠጣለች። እኔ ጋ ስትደርስ እጄ ሳያስበው ነጠላዬ ውስጥ ገብቶ ጣሳህን አወጣ። ያችን ከዘይት ቆርቆሮ የሠራሃትን። ጠላ ቤት የሰው ዋንጫ ስለማይሰጡህ ከኪስህ አትለያትም ነበር፤ ገንቦው እንዳይነካት ከላይ ያንቆረቁሩልሃል። አንተ ትስቅ ነበር፤ እኔ አንድም ቀን አልሳቅሁም። ካንተ በኋላ እኔው ይዣት እዞራለሁ።

ሴትዮዋ ከላይ አንቆረቆረችልኝ፣ ጠጣሁ። ዘይነባ ከእጄ መነጨቀችኝ። «እኔም በዚች ነው የምጠጣው። ያን ዋንጫ መርካቶ ሁሉ አፉን አሳርፎበታል። ይህችን ጣሳ ከባልና ከሚስት በቀር ማንም ነክቷት አያውቅ፤ ከሷ የጸዳ ዕቃ ከየት ይመጣል?» ብላ ግጥም አደረገቻት። ከኋላዋ ያለውም ሳቀና «እስቲ ለእኔም» አለ። ጣሳህ ከእጅ ወደ እጅ ሄደች። አንዳንዱ ጠጣ፣ አንዳንዱ አሳለፈ። አቶ ካሳ ጋ ደረሰች። አልጠጣም። ግን በእጁ ተቀብሎ ለሚቀጥለው አቀበለ።

ወረቀቴን ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። ስወጣ ጣሳህ ከሰልፉ መጨረሻ እርጥብ እንደሆነች ተመለሰችልኝ።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽህም። እድሩ ዛሬም አልጠራኝም። የሰው ምላስ በአንድ ምርጫ አይታረምም። ነገር ግን አልማዝ ለወግ ማዕረግ ስትደርስ፣ ማንም አፉን ሞልቶ አላውቃትም ሊላት አይችልም፤ እናቷ በመንግሥት መዝገብ በገዛ እጇ የጻፈችው ስም አለ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቀለም ይዤ እመጣለሁ። መስቀልህ ላይ ደምሴ ብዬ እጽፋለሁ፤ ከሥሩም ቀጥቃጭ ብዬ እጨምራለሁ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያነበው። ዝናቡ ባጠበው ቁጥር ደግሜ እጽፈዋለሁ።

ሚስትህ ጥሩነሽ