ስድስት ከአስር

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

ቁጣዬ ከሰላምታዬ እንዳይቀድም ብዬ ይህን ደብዳቤ ስንቴ ጀምሬ እንዳጠፋሁት አትጠይቀኝ። እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ወገብህ አሁንም ያስቸግርሃል ወይስ እንደ ሰው ደህና ወንበር ገዛህ? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ማለቴ ስትጠየቅ ደህና ነኝ ትላለች፣ አንተም ታውቃታለህ። ደብዳቤው እጅህ የገባበት መንገድ ቢያስገርምህ፣ ታገሰኝና እስከ መጨረሻው አንብበው።

እኔ ግን እረፍት አጥቻለሁ። ይህን ስጽፍልህ እንኳ እየተነሳሁ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ቅድም ስልኬን እንዳላየው ብዬ አልጋ ሥር ወረወርኩት፤ ብዙም ሳይቆይ ተንበርክኬ አወጣሁት።

ስለ ሥራዬ ሳትሰማ አትቀርም። ጌም የሚሠራ ስቱዲዮ ውስጥ ሰዓሊ ሆኛለሁ። አዎ፣ እማዬ ጨዋታ ቤት አያቆምም ብላ አንተን የተጣላችበት ያው ጨዋታ፣ አሁን የቤት ኪራያችንን ይከፍላል። መጀመሪያ ያስለመድከኝ አንተ ስለሆንክ ምስጋናውም እርግማኑም ድርሻህ ነው። የመጀመሪያው ጌማችን በቅርቡ ወጣ። ዓይነቱን ላንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄዱ ጭራቅ መደብደብ፣ በደበደቡ ቁጥር መጠንከር፣ ከወደቀው ጭራቅ ሰይፍና ጋሻ መልቀም። ጀግኖቹ ሰይፈኛ፣ ቀስተኛ፣ አስማተኛና አንዲት አሮጊት መድኃኒተኛ ናቸው። አራቱም ካልደረሱ ስክሪኑ ወደፊት ንቅንቅ አይልም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

መድኃኒተኛዋን የሣልኳት እኔ ነኝ። አካሄድ የምንሠራው ሰው ሲራመድ ቪዲዮ ቀርጸን፣ ምስሉን አንድ በአንድ በእጃችን እየገለበጥን ነው። ለሌሎቹ ስፖርተኛ ተቀጠረላቸው። እኔ ግን እማዬን ደረጃ ስትወጣ ከኋላዋ ሆኜ ቀረጽኳት፣ እስከ አራተኛ ፎቅ። ሊፍቱ አንተ እንደተውከው ነው፤ የሚሠራው ጠፍቷል። በየፎቁ ስትደርስ ቆም ትልና አንድ ነገር የጠፋባት መስላ ቦርሳዋን ትበረብራለች። ከዚያ፣ አይ አለ፣ ትልና ትቀጥላለች። መድኃኒተኛዋንም እንዲሁ አደረግኳት፤ ጥቂት ሄዳ ትቆምና የቅጠል ከረጢቷን ትበረብራለች። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም።

መቼም ታውቃለህ፣ ገምጋሚዎች ጌሙ ቀድሞ ይሰጣቸውና ጽሑፋቸውን ሁሉም በአንድ ሰዓት ያወጣሉ። ያን ጠዋት ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ኃላፊያችን ባዶ ብርጭቆ ይዞ ይንጎራደዳል። እኔ ጥፍሬን ጨርሼ ወደ እስክሪብቶ ክዳን ተሻግሬያለሁ። የመጀመሪያው ዘጠኝ ሰጠን፤ ሥዕሉንም ሰማይ ሰቀለው። ጮቤ ረገጥን። ሁለተኛው ሥዕሉ ዓይን ያጠግባል፣ ታሪኩ ግን ጠብ የሚል ነገር የለውም አለ። እሱም ይሁን። ሦስተኛው በእኔ መጣ። መድኃኒተኛዋ በየደቂቃው ትገተራለች፣ ጓደኞቿም እሷን ሲጠብቁ ይደነዝዛሉ፣ ይህ ግልጽ ሳንካ ነው፣ ሠሪዎቹ እንቅልፍ ላይ ነበሩ ማለት ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ይህንኑ ተቀባበለው። አንዱማ አሮጊቷን ለጭራቁ መርቄ መገላገል አማረኝ አለ። ከሰዎቹ ጋር አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደለም። ጠራኝና ሰኞ አፕዴት እናወጣለን፣ መቆሟን አንሺልን አለኝ። ሳንካ አይደለም፣ ሆን ብዬ የሠራሁት ነው አልኩት። ሆን ተብሎ የተሠራማ ይብሳል አለኝ። እውነቱን ነው። ብቻ አላነሳም አልኩ። እንግዲያው ሌላ ሰው ያነሳዋል አለ። ሳምንቱን እንደተፋጠጥን ጨረስነው።

የቤቱም ወሬ ከዚህ አይሻልም፣ ወንድሜ። ሐኪሙ ልቧ ደረጃ እንደማይችል ለእማዬ ቁርጡን ነግሯታል። ደረጃ የሌለው ምድር ቤት ካገኘሁላት ወራት አልፈዋል፤ እሷ ግን አልሄድም አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ ጎረቤት ላክሁባት። አውቆ የተኛን ቢጠሩት አይሰማም። በመጨረሻ አንድ ቀን ደረጃው መሀል ቁጭ ብላ ምክንያቷን አወጣችው። ልጄ የሚያውቀው ይህን በር ነው፣ ቢመጣ የማንን ቤት ያንኳኳል አለችኝ። ስልክህን ቀይረሃል፤ የት እንዳለህ የሚያውቅ ሰው አላገኘንም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ደረጃ የምትወጣው ለአንተ ስትል ነው። ይህን የምነግርህ ልወቅስህ ብዬ አይደለም። ውሸቴን ነው፤ ትንሽ ልወቅስህም ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ የዘገየ ግምገማ ወጣ። ገጹ ይህን ያህል ስም ያለው አይደለም፤ ገምጋሚውም የሚጽፈው በቅጽል ስም ነው። ከሁሉም ያነሰ ነጥብ የሰጠን እሱ ነው፤ ስድስት ከአስር። ያለፉበትን መንገድ ደጋግሞ ያስኬዳል፣ ጽሑፉ የጉንዳን እግር ያክላል፣ የመጨረሻው ጭራቅ ጉልበት እንጂ ብልሃት አይጠይቅም እያለ አብጠለጠለን። አንዱንም ልክ አይደለህም ልለው አልቻልኩም። መድኃኒተኛዋ ጋ ሲደርስ ግን አጻጻፉ ተለወጠ። ሳንካ ነው የምትሉ ተሳስታችኋል አለ። ይህች ሴት ትንፋሿን እየሰበሰበች ነው፣ መድከሟን ግን እንድናውቅባት አትፈልግም። ከረጢቷ ውስጥ የጠፋባት ነገር የለም፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው አለ።

ቆሜ አነበብኩት፤ ቁጭ ብዬ ደገምኩት። ከዚያ የሣልኳት ራሴ ሆኜ ሳለሁ ጌሙን ከፍቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈለግሁ። መድኃኒተኛዋ ቁልፍ የላትም። ቤትም የላትም። አንገቷ እስከ አገጯ በሻርፕ ተጠቅልሏል፤ ከሥሩ ምንም አልሣልኩም። ኃላፊያችን አንቀጿን አይቶ፣ ሰውየው የሌላ ጌም ነገር ተምታቶበት ነው ብሎ ሳቀ። እኔ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ለእማዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩላት። የጭራቁም የጽሑፉም ነገር አልገባትም፤ ግን አላቋረጠችኝም። ቁልፉ ጋ ስደርስ እጇን ልብሷ ውስጥ ከታ በክር የተንጠለጠለውን የቤታችንን ቁልፍ ያዘች። አሁን ታለቅሳለች ብዬ ስሰጋ፣ ለመሆኑ ስንት ሰጠ አለችኝ። ስድስት ከአስር አልኳት። ድሮም ምስጋና ይቆጥባል አለች። ማን ብዬ አልጠየቅኋትም። ቀና ብዬ ባይ ወንበር ጎትታ ልትወጣበት ነው። ምን ልትሆኚ ነው ብዬ እጇን ያዝኳት። መጋረጃውን ላውርድ ነዋ፣ ቤት የሚለቀቀው መጋረጃው እንደተሰቀለ ነው እንዴ ብላ ተቆጣችኝ።

ነገ እንገባለን። አዲሱ ቤት ከድሮው ሕንፃ ጀርባ ካለው የልብስ ስፌት ቤት ቀጥሎ ነው፤ ሰማያዊ በር፣ ከመንገድ ቀጥ ተብሎ የሚገባበት። ብታጣው ልብስ ሰፊውን ጠይቀው፤ እማዬ ከወዲሁ ልጅ አለኝ፣ ቢመጣ አሳየው ብላዋለች።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ኃላፊዬ ጋ ደውዬ የመድኃኒተኛዋን መቆም ራሴ አነሳዋለሁ አልኩት። ሳምንት ሙሉ ስታደርቂኝ ከርመሽ አሁን ምን ተገኘ አለኝ። ማየት የነበረበት ሰው አይቶታል አልኩት።

አድራሻህን ስለማላውቅ ይህን ደብዳቤ ለዚያ ገጽ አዘጋጆች፣ ስድስት ለሰጠን ገምጋሚ አድርሱልኝ ብዬ እሰጣቸዋለሁ። የረገጥከው ይለምልም፣ ክፉ ነገር በሩቁ ይለፍህ። እማዬ መርቂልኝ ብላኛለች፤ እኔ ግን የእሷን ምርቃት በወረቀት አልልክም፣ መጥተህ ከአፏ ተቀበል።

ታናሽ እህትህ