የሦስት ቀን ዝናብ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ሲራጅ፣ ሐርቡ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አባዬ፣ እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የላክሁት ቅባት ረዳዎት ወይስ እማዬ እንዳለችው መስኮት ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል? እማዬስ፣ ወንድሜ ሙኒርስ፣ እህቴ ረይሀናስ ደህና ናቸው? ላሟ ወለደች? ማሽላው እንዴት ይዞታል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። ጠዋት ከፒያሳ በእግሬ እወጣለሁ፣ ማታ በእግሬ እወርዳለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳይሉኝ። በስልክ ገና ሰላምታው ሳያልቅ «በይ ደህና ዋይ» ብለው ይዘጉብኛል፤ የምነግርዎት ደግሞ በጥድፊያ የሚነገር አይደለም። ሹፌሩ ዑዘይር ቅዳሜ መኪናውን ይዞ ስለሚወርድ በእሱ እጅ ይደርስዎታል።

ሙኒር ባለፈው ሲደውል የዝናብ መለኪያውን ለመመለስ መወሰንዎን ነገረኝ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጻፍኩ፤ ማን አየልኝ?» ብለዋል አሉ። የሜትሮሎጂ ሰዎች በሐምሌ ሲመጡ ነቅለው ይውሰዱት ማለትዎንም ሰማሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የገጠመኝን ነገር ከሥሩ ልንገርዎት ብዬ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር ተክላይ የሚባል ልጅ አለ። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም እኛ ጋ መጣ። ገጾቹን ስደረድር የቀበሌያችንን ስም አየሁ። ከሥሩ ረጅም የቁጥር ሰንጠረዥ ነው፤ ወር በወር፣ ቀን በቀን። የእርስዎ ቁጥሮች ናቸው አባዬ። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ያቺን የመስታወት መለኪያ ከዓይንዎ ትክክል ይዘው፣ ትንፋሽዎን ውጠው የሚያነቧቸው። እኔ ቆሜ ስቀር ማሽኑ አላቆመም፤ ሠላሳ ገጽ ያለ ቦታው ገባ። ወይዘሮ ለተክርስቶስ፣ የቤቱ ባለቤት፣ የሚገባኝን ያህል ተናገሩኝ።

«ይህን የመዘገቡት አባቴ ናቸው» ስለው ተክላይ መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። በኋላ ግን በዚያ አካባቢ አንድም ቀን ያልጎደለበት መዝገብ የእርስዎ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወረፋው በቀለለ ቁጥር በጥያቄ አፋጥጠዋለሁ።

አስቀድሜ የጠየቅሁት እርስዎ ሁልጊዜ የሚሉትን ነው፦ ደሴ በጭጋግ ሲርስ ባቲን አልፎ ያለው የአፋር ምድር ለምን ይነዳል? ንፋሱ ውሃውን ተሸክሞ መጥቶ ተራራ ሲያጋጥመው ከፍ ይላል፣ ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ሸክሙን እዚያው ያራግፋል፤ ማዶ ሲወርድ ባዶ እጁን ነው አለኝ። ሕንድ አገር በእንዲህ ያለ ተራራ ጥግ፣ አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው አሥር እጥፍ የሚዘንብባቸው መንደሮች አሉ። የእንጨት ድልድይ ስለሚበሰብስባቸው ሰዎቹ የሕያው ዛፍ ሥር እያጠላለፉ ድልድይ ያበቅላሉ። ደቡብ አሜሪካ ደግሞ ባሕር ዳር ሆኖ ዓመት ከዓመት ጠብ የማይልበት በረሃ አለ። ተክሉ የሚጠጣው ጭጋግ ነው፤ ሰዎቹም መረብ ዘርግተው ጭጋግ ያጠምዳሉ። እርስዎ እዚያ ቢሆኑ ምን ብለው ይመዘግቡ ነበር?

ከሁሉ የገረመኝ የጫካው ነገር ነው። አማዞን የሚባለው ትልቅ ጫካ የጠጣውን ዝናብ በቅጠሉ መልሶ ይተነፍሰዋል፤ ያው ውሃ ደመና ሆኖ ወደ ውስጥ ይሄድና ሌላው ጫካ ላይ ይዘንባል። ዝናብ ጫካ ያበቅላል እንል ነበር፤ ለካ ጫካውም ዝናብ ይሠራል። የኛስ ውሃ የት ይደርሳል ስለው፣ ቦርከና አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም አፋር ወርዶ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፣ ባሕር የሚባል አያይም አለኝ። በልጅነቴ ይህንኑ እማዬን ስጠይቃት «ሥራ ይዣለሁ» ነበር መልሷ። እዚህ ፒያሳ ደግሞ ዝናቡ አፈር ሳይነካ ከአስፋልቱ ቱቦ ይገባል። ቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሲያማርረው እሰማለሁና እርስዎ ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን እላለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ተክላይን ግራ ያጋባው አንድ ነገር ነበር። በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በልግ የከዳን ጊዜ፣ በሚያዝያ፣ ኮምቦልቻም ከሚሴም ጠብ ሳይል የኛ ቀበሌ ብቻ ሦስት ቀን በተከታታይ ዘንቦላታል፦ ሦስት፣ ሦስት፣ ከዚያ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር። ተራራው ለብቻው ደመና ይዞ ይሆናል እያለ ገጽ ተኩል ጽፎበታል። ሲያሳየኝ ቀኖቹን አወቅኋቸው።

አባዬ፣ ያን ዝናብ ያዘነብኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በየጠዋቱ ከመለኪያው ሲመለሱ ፊትዎን አይ ነበር። ዜሮ ጽፈው እስክሪብቶውን ወደ ኪስዎ የመለሱ ቀን እህል አይቀምሱም። እርስዎ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት ሳይመለሱ፣ እማዬ ከወንዝ በጀርባዋ ካመጣችው ጀሪካን አንድ የሻይ ብርጭቆ ቀድቼ መለኪያው ውስጥ ጨመርኩ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሦስት ብርጭቆ አደረግሁት፤ ከበዛ ደስ ይልዎታል ብዬ ነው። በአራተኛው ቀን ስሄድ የመለኪያው አጥር በር በሽቦ ታስሯል። ፍየሎቹ እንዳይገቡ መሰለኝና ተውኩት።

ለተክላይ ሁለት ቀን ሙሉ ሳልነግረው ቆየሁ። አንድ ቁጥር ከተበላሸ መዝገቡ ሁሉ ይጠረጠራል ሲል ሰምቼዋለሁ። በለቅሶም በሕመምም ያላጓደሉትን የሃያ ሁለት ዓመት ሥራ እኔ በአምስት ብርጭቆ ውሃ ላጥፋው? ዝም ካልኩ ደግሞ ልጁ ያልዘነበ ዝናብ ይዞ መምህራኑ ፊት ሊቆም ነው። በሦስተኛው ቀን ነገርኩት። አልሳቀም፣ አልተቆጣም። እርስዎ በእጅዎ የጻፏቸውን ቅጾች ኮፒ ይዞ ነበርና የሚያዝያውን ፈልጎ አወጣ።

ወደ ኮምፒውተር የገባው ለካ ቁጥሩ ብቻ ነው። ዳር ላይ «ምርመራ» የሚለውን ጠባብ የማስታወሻ ዓምድ ያነበበው የለም። እርስዎ ግን ጽፈውበታል። በመጀመሪያው ቀን፦ «ሰማዩ ጠርቶ አድሯል።» በሁለተኛው፦ «መሬቱ ደረቅ ነው፤ ጎረቤት ዝናብ አላየም።» በሦስተኛው፦ «ይህ ውሃ ከሰማይ አይደለም፤ ከቤት ነው። የተለካውን ጽፌአለሁ።»

ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ አለቀስኩ። ያውቁ ነበር አባዬ። አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቃል አልተነፈሱም። ያን ጠዋት ቢቆጡኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ተክላይ ገጽ ተኩሉን አውጥቶ ጣለው። «እንዲህ አድርጎ ለጻፈ ሰው፣ ሌላውን ዜሮ ሁሉ አምንለታለሁ» አለኝ። የቅጹን ኮፒ ከዚህ ጋር አጥፌ ልኬዋለሁ፤ እማዬም ትየው።

እንግዲህ ይቅር ይበሉኝ። መለኪያውንም አይመልሱ። ማን አየልኝ ላሉት፣ ተክላይ አየ፣ እኔም ዘግይቼም ቢሆን አየሁ። ጉልበትዎ ካስቸገረዎት ረይሀና ታንብብ፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ በቁጥር እኔን ታስከነዳኛለች። ሽቦውን ግን አይፍቱት።

እናቴን ከሪማን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ያኔ ከጀሪካኑ የጎደለው ውሃ የት እንደገባ ይንገሯት። ሙኒርን ሰላም ይበሉልኝ፤ መለኪያውን እነቅላለሁ ብሎ አካፋ እንዳያነሳ። ረይሀናን ይሳሙልኝ፤ የምትጠይቀኝ ካላት ትጻፍልኝ፣ «ሥራ ይዣለሁ» አልላትም። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ።

እርስዎም ዛሬ ጠዋት ስንት እንዳነበቡ ይጻፉልኝ። ዜሮም ቢሆን።

ልጅዎ ሰዓዳ ሲራጅ
አዲስ አበባ፣ አራዳ
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.